መኪናዬ ስላለፈች መንገድ አለ ላሉት ሹም

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.
ሁሩታ

ለክቡር አቶ ኃይለየሱስ ወልደ ጊዮርጊስ
የመንገድ ጉዳይ ሹም
አሰላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም አምና በእኔ መኪና የፊት ወንበር ተቀምጠው ሲመለሱ ይዞዎት ለነበረው የጎን ውጋት አላህ ፈጽሞ ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ እለምናለሁ። እኔም ቤተሰቤም ደኅና ነን። መኪናዬም ደኅና ናት፤ ዕድሜዋ ስለገፋ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሳትለመን አትነሣም።

ይህን የምጽፍልዎ በሁሩታ እህል የምነግደው ወይዘሮ ከዲጃ ከዲሮ ነኝ። አማርኛዬ ላይ ኦሮምኛ ጠብ ጠብ ቢልበት በትልቅነትዎ ይለፉኝ። ባለቤቴ ሁሴኖ፣ አላህ ይማረውና፣ ሲሞት የተወልኝ አንድ መጋዘንና አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። ዘመድ ሁሉ “መጋዘኑን ያዢ፣ መኪናዋን ሽጪ” ሲለኝ እኔ ሁለቱንም ያዝኩ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ገደልና ጭቃ የማትፈራ መኪና ያለው ሰው የራሱ ሰው አይደለም። ሙሽራ ሲወጣ ይጠራል፣ ለቅሶ ሲመጣ ይጠራል፣ እግሩ የተሰበረ በሬ ሳይቀር ከኋላ ይጫንበታል። የማገኘው ትርፍ ግማሹ ወደ ጎሚስታው ቤት ይሄዳል። ቢሆንም አልዋሽዎትም፤ የዲክሲስን አቀበት ጨርሳ የገብሱ ማሳ ወለል ብሎ ሲታይ፣ ከኋላ የተሳፈሩት ሴቶችም ዘፈን ሲያነሡ፣ ራሴን ንግሥት አድርጌ አስባለሁ። ይህ ከባድ ቃል ስለሆነ ግን እርስዎን በመሰለ ሹም ፊት አልደግመውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ከሁሩታ ወደ ዲክሲስ የሚወስደው መንገድ ረግረጉ ጨፌ ላይ ሲደርስ ስለሚሰምጥ፣ ድንጋይ ይነጠፍልን ብለው የአገሩ ሰዎች ሽማግሌያቸውን ሀጂ ሀሰኖን አስቀድመው ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥተው ነበር። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጧቸው በኋላ፣ “መኪና የሚያልፍበት ሁሉ መንገድ ነው። የወይዘሮ ከዲጃ መኪና ታልፍ የለም እንዴ? እንግዲያስ መንገድ አላችሁ” ብለው በሰላም አሰናበቷቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዬ ገብስና ምስር የምትጭን ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ በሄደችበት ሁሉ መንገድ የምትወልድ መሆኗን አላወቅሁም ነበርና ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ አቤቱታው ቢበዛብዎ በዓይንዎ አይተው ሊያረጋግጡ በሰኔ መጡ። የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ዝቅ ያለች በመሆኗ ሆዷ እንዳይጫር አዝነውላት በእኔዋ ተሳፈሩ። ጨፌው መካከል ስንደርስ መኪናዬ እንደ ጎሽ ተኛች። ሾፌሬ ጉቱ በትሕትና፣ “ጌታዬ፣ ትንሽ ቢወርዱልን ትቀላለች” ቢልዎ፣ “የመጣሁት መንገድ ልመረምር ነው እንጂ ጭቃ ልረግጥ አይደለም” ብለው መለሱለት። በዙሪያው የሚያርሱት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ከቀንበር ፈትተው፣ ካቦ አስረው ጎተቱን። ክቡርነትዎ እንደ ሙሽራ ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ ደረቁ መሬት ላይ ስንደርስ፣ መነጽርዎን በመሐረብ ጠርገው፣ “ይኸው አለፍን!” አሉ። በዚያ ጊዜ ጉቱ ለበሬዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። ምን አላቸው ብለው ሲጠይቁኝ፣ “እያመሰገናቸው ነው” ብዬ ተርጉሜልዎት ነበር። ትርጉሜ እንደ ጎደለ ዛሬ አስታውቃለሁ፤ ያላቸው፣ “ሹመቱስ ለእናንተ ነበር የሚገባው” ነው።

ሦስተኛ፤ ያን ሰሞን ሀጂ ሀሰኖ ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ።

“ከዲጃ ልጄ፣” አሉኝ፣ “መኪናሽ እስካለፈች ድረስ ለእኛ መንገድ አይሠራልንም። አቁሚልን።”

“ሀጂ፣ እንጀራዬ እኮ ናት!” አልኳቸው።

“እናውቃለን። እኛም እህላችንን በአህያ እናወርዳለን። ከተራብንም አብረን እንራባለን።”

ተናድጄ ነበር፤ ግን ሽበት ፊቴ ቁሞ ሲለምነኝ እምቢ የምልበት አንጀት አላህ አልሰጠኝም። መኪናዬን ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ዶሮዎች ከሥሯ ጎጆ ሠሩ። ጉቱ ጠዋት ጠዋት ያጥባታል፣ እንዳይከፋት ብሎም ሞተሯን አስነሥቶ ትንሽ ያጫውታታል። የሁሩታ ሰው በአጥራችን በኩል ባለፈ ቁጥር፣ “ከዲጃ፣ ዛሬ የት ልትሄዱ ነው?” እያለ ይስቅብናል። ለዚህ ሁሉ ዕረፍት ባለውለታችን እርስዎ ነዎት።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ ሀጂ ሀሰኖ ፈረሳቸውን እያስጋለቡ መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። ከፈረሱ አልወረዱም፤ የሚያዩትም እኔን ሳይሆን መኪናዋን ነበር። የልጃቸው ሚስት ሀሊሜ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በቃሬዛ ጨፌው ዳር አድርሰዋት፣ ተሸካሚዎቹ እየሰመጡ መሻገር አቅቷቸው ቆመዋል።

“አቁሚ ያልኩሽ እኔው ነኝ” አሉ ሀጂ። ቀና ስል ጉቱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዶሮዎቹን እያባረረ ነበር።

ጨፌው ዳር ስንደርስ ሰዎቹ የቤቶቻቸውን የበር ሳንቃ ነቅለው አምጥተው ጭቃው ላይ ሲያነጥፉ አገኘናቸው፤ መጀመሪያ የተነጠፈው የሀጂ ሀሰኖ የራሳቸው በር ነበር። መኪናዋ በሳንቃው ላይ እየተንፏቀቀች ተሻገረች፤ ሀሊሜን ጭነን ስንመለስም ሰው ሁሉ በትከሻው ይገፋ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዣለሁ። “እትዬ ከዲጃ፣ ጉቱን ቀስ በል በይልኝ” ትለኛለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ “አይ፣ ፍጠን በይልኝ፣ ያ ረቢ፣ ፍጠን በይልኝ!” ትላለች። ጉቱ ሁለቱንም ትእዛዝ እኩል አከበረ። አሰላ ሐኪም ቤት ደረስን፤ ሴት ልጅም በሰላም ተወለደች። ስሟን ጠይባ አሏት።

ሀጂ ሀሰኖና እኔ ደጅ ቆመን አላህን እያመሰገንን ሳለ፣ ክቡርነትዎ በዚያ ሲያልፉ ጭቃ የለበሰችውን መኪናዬን አይተው መጡ። “ወይዘሮ ከዲጃ! በነሐሴም አለፈች? እንኳን ደስ አለዎት! እንግዲህ ለከርሞም አቤቱታ አያስፈልግም” አሉን። ይህን ሁሉ ስጽፍልዎ ቀልድ አላጣሁም፤ በዚያች ሰዓት ግን ቀልድ አልመጣልኝም ነበር። እጄ ላይ የሀሊሜ ጥፍር የተከለው ቁስል ገና ደሙ አልደረቀም ነበር። ሀጂ ሀሰኖን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። በእርሳቸው ልመና ያቆምኳት መኪና በእርሳቸው ልመና ተነሥታ የለፉበትን ሁሉ አፍርሳባቸዋለችና። እርሳቸው ግን እርስዎ እስኪርቁ ጠብቀው፣ “ልጅቱ በሕይወት አለች። የቀረው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ አገራችን ሞልቷል” አሉኝ።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለዚህ ድንጋይ ነው። አዝመራው እንደ ተሰበሰበ ሀጂ ደቦ ጠሩ። ውኃው በቦይ ተከፈለ፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ተነጠፈ። ዓርብ ክርስቲያኑ፣ እሑድ ሙስሊሙ እየሠራ መንገዱ በዓል ሳያውቅ አለቀ። መኪናዬ ድንጋይ ስታመላልስ ከርማ ባሌስትራዋ ተሰበረ፤ እስክትጠገንም ጉቱ እንደ እናቱ አለቀሰላት። አሁን በጨፌው ላይ አህያም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሽማግሌም እግሩ ሳይርስ ያልፋል። እርስዎ ቢሠሩልን ኖሮ ይህን መቻላችንን ሳናውቅ እንሞት ነበርና፣ ስላልሠሩልን ከልብ እናመሰግናለን።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መንገዱን መርቀው ሪባን ሊቆርጡ እንዳሰቡ፣ ለዚሁም መኪናዬን አሰላ ድረስ እንድልክልዎ ሰው ልከውብኛል። ክብሩ ከአቅሜ በላይ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ሀሊሜ ልጇን ታቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሩታ ገበያ ልትወርድ ቀጠሮ ይዘናል፤ የፊት ወንበሩም የእርሷ ነው። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ መኪና ይምጡ። ዝቅ ብትልም ግድ የለም፤ ሆዷ እንደማይጫር እኛ ያነጠፍነው ሰዎች ዋስ እንሆናለን።

በሹመትዎ ላይ ሹመት፣ በወንበርዎ ላይ ትራስ እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ጭቃ ረግጠው የማያውቁ ጫማዎችዎን ከሩቅ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ወይዘሮ ከዲጃ ከዲሮ
እህል ነጋዴ፣ የአንዲት ላንድሮቨር ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሁሩታ ገበያተኛ በሙሉ፣ ማንበብ የሚችል ለማይችለው እንዲያነብለት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ሰው መጥቶ፣ ሀጂ ሀሰኖና እኔ “ቀድሞ መንገድ ባልነበረበት ስፍራ ያለ ፈቃድ አዲስ መንገድ ስለሠራችሁ” ሰኞ ቀርበን እንድናስረዳ ነገረን። ጉቱ ጆሮውን ማመን አቅቶት ሰውየው ቃሉን እንዲደግምለት ደጋግሞ ጠየቀው። ክቡር ሆይ፣ ያለ ቀጠሮ ቢጠሩን እንኳ በደስታ እንመጣ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አደራ እንላለን፤ “ቀድሞ መንገድ ባልነበረበት” የምትለዋን ቃል እስከ ሰኞ እንዳይሰርዟት። ሀጂ ሀሰኖ ከራስዎ አንደበት ሊሰሟት አዲስ ጥምጣም ገዝተዋል።