የአምቢኮ ከፍታ ከየት ይለካ?

መስከረም ፭ ቀን

ለተከበራችሁ የደባርቅና የዳባት የበረራ ፈቃድ ዴስክ ኃላፊዎች፤

ከወንበራችሁ ሳትነሡ የሰማዩን ነገር የምትጨርሱልን ጌቶቻችን፣ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ወገባችሁንም ማኅተማችሁንም አምላክ ይጠብቅልን። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ የአምቢኮ ልጅ ነኝና ብሳሳት በትልቅነታችሁ እለፉኝ።

፩ኛ. ደንቡ አንድ ወረቀት ነው፤ ሄሊኮፕተር ያለ ልዩ ፈቃድ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ አይውጣ ይላል። የደባርቆቹ ከመሬት ትለኩታላችሁ፣ የዳባቶቹ ከባሕር። ባሕር አይተን ለማናውቀው ስላስታወሳችሁን እናመሰግናለን። አምቢኮ ግን ከባሕር ሲለካ ቁጭ ብሎም ከሦስት ሺህ በላይ ነው። በዳባት አነባበብ እንግዲህ አገሩ በሙሉ፣ ከነላሙ ከነቄሱ፣ ያለ ፈቃድ ሲበር ኖሯል፤ እስካሁን ስላላሰራችሁን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፪ኛ. በሐምሌ የመንደራችን ሽማግሌ አያ እንዳለው ከገደል ወድቀው፣ አውድማ ላይ በቃሬዛ አስተኝተናቸው ሰማይ ሰማይ ስናይ ዋልን። ደባርቅ ይሂድ ብላ የፈቀደችውን፣ ሄሊኮፕተሩ የቆመባት ዳባት ከለከለች። አብራሪው ካፒቴን አብዱሰመድ ሞተሩን አስነሥቶ «የማንን ሜትር ልስማ? ሰውየው እየሞቱ ነው» ቢላችሁ፣ በደብዳቤ ይጠይቅ አላችሁ። አያ እንዳለው ደብዳቤ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውምና፣ በትከሻችን ተሸክመናቸው ስንወርድ በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ዝም አሉ።

፫ኛ. አልደብቃችሁም፤ በነሐሴ ለአውራ ዶሯችን የበረራ ፈቃድ አመልክቼ ነበር። ስም ካፒቴን ቀዮ፣ መነሻ የእኛ አጥር፣ መድረሻ የጎረቤት አጥር ብዬ ሞላሁ። ዳባት በሦስተኛው ቀን ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ዶሮው በሕግ ይበራል፤ ሄሊኮፕተሩ ቆሟል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እኅቴ እስከዳር በዚህ ወር ማብቂያ ትወልዳለች። የመጀመሪያውን በኦፕሬሽን ስለወለደች ሐኪሙ እቤት መውለድን እንዳትሞክረው ብሏታል፤ መንገዱን ደግሞ ናዳ ቆርጦታል። አውድማውን ጠርገን በነጭ ድንጋይ ክብ ሠርተንበታል። ጉሙ በየቀኑ ዝቅ ይላል። እሷም በየቀኑ ሄሊኮፕተሩ ይመጣ ይሆን ትለኛለች፤ እኔም እቀልድላታለሁ። እባካችሁ፣ ምጡ ሳይቀድማችሁ፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ሜትር ንገሩን።

ከእግራችሁ ሥር ያለሁ፣ በዳባት ልኬት ግን ከራሳችሁ በላይ የምበር አገልጋያችሁ፣

ምስክር አለነ፣ ከአምቢኮ

ማስታወሻ፦ ሳጥን የሚሠራው ደርቤ የአያ እንዳለውን ሬሳ ሲለካ ከየት ልጀምር ብሎ ማንንም አልጠየቀም። ከራስ እስከ እግር ነው፤ በደባርቅም በዳባትም አንድ ነው። የተረፈውን ጣውላ እስካሁን አስቀምጦታል።