በመስኮቱ ሥር የነበረችው ኒም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬም የምሕረት አስተማሪ አስጠራችኝ። እዚህ አገር በሚያስተምሩበት ፈረንሳይኛ፣ «የልጅዎ ቀልብ አልሰበሰብ ብሏል፤ አንድ መስመር ጽፋ ትነሣለች» አለችኝ። ምን ልበላት? የትምህርት ቤቱ ግቢ አሸዋና ድንጋይ፣ አጥሩ ቆርቆሮ። የልጅ ዓይን የት ይረፍ?

ሙቀቱ ሳይመጣ ወላጆች ተሰብስበን በክፍሉ መስኮት ሥር አንዲት የኒም ችግኝ ተክለን ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው በሃይላንድ ውኃ እያመጡ አጠጧት። ምሕረት መስኮቱ አጠገብ ስትቀመጥ ሥራዋን መጨረስ ጀመረች። ይህን የነገረችኝ ራሷ አስተማሪዋ ናት።

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ከተማ ገባ ሲባል፣ ዘበኛው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ። መንገድ ላይ ካርቶን ሲበሉ የሚውሉት የዋራበሌ ሰፈር ፍየሎች ገብተው ችግኟን ከነቅርፊቷ ጨረሷት።

ዛሬ ሌላ እንትከል ብላት አስተማሪዋ ሳቀች። «በዚህ ሙቀት? ደግሞስ ጫቱ ነገም ይመጣል እኮ።»

እውነቷን ነው።

ቤት ገብቼ ፍየሎቹን ስራገም፣ የቤት ሥራዋን ይዛ የተቀመጠችው ምሕረት ሰማችኝ።

«እማ፣ አትርገሚያቸው» አለችኝ። «ካርቶን ሰልችቷቸው ነው።»

ከዚያ በመስኮቱ የጎረቤትን ቆርቆሮ ማየት ጀመረች። ደብተሯ ላይ ያለው አሁንም ያው አንድ መስመር ነው።