በግራ ጆሮዬ ያለው ማሽን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት 2፡40

ሱቅ ከፈትኩ። ፎጣ አጥፌ ደረደርኩ። መስታወት ወለወልኩ። የፀጉር ማሽኑ እንደበራ ነው፣ ላጠፋው ሄድኩ። ጠፍቷል። ሶኬቱም ተነቅሏል። ድምፁ ግን አለ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ በግራ በኩል። ትናንትም ነበር፤ የጎረቤት ጄኔሬተር መስሎኝ ነበር። በዚያ በኩል ጎረቤት እኮ የለም፣ ደብተሬ። ከእኛ በታች ያለው የፒያሳ መደዳ ከፈረሰ ቆየ፤ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ነው።

ተካልኝን ይሰማሃል ወይ አልኩት። ሁለተኛውን ወንበር ይዞ አብሮኝ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን ቁም ነገር መልሶልኝ አያውቅም። ጆሮውን ከጆሮዬ አስጠግቶ አዳመጠ። ኤፍ ኤም ነው ጀለሴ፣ ማስታወቂያው ሲያልቅ ዘፈን ይመጣል አለኝ።

ደንበኛ መጣ። ማሽኑን ሳበራው የጆሮዬ ድምፅ ጠፋ። ሳጠፋው ተመለሰ። ዛሬ ቶሎ ቶሎ ደንበኛ ቢመጣ ደስ ይለኛል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት 9፡00

ጽሑፌ ዛሬ ቀጥ አይልም፣ ቻለው።

ጋሼ ደበበ መጡ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጺማቸውን የምላጨው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አንገታቸውን አያስነኩም። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደልኩ። አረፋ ቀባሁ። ጉሮሯቸው ላይ ስደርስ ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ውሃ የገባበት ይመስል። ከዚያ መስታወቱ ተንሸራተተ።

ከፊትና ከኋላ መስታወት ስላለን እኛ ሱቅ አንድ ሰው መቶ ነው። መቶው እኔ፣ መቶው ይማም ባንዴ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ግድግዳው ተከተለው። በሩ፣ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ድልድይ፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ፈሰሰ። ያምር ነበር፣ አልዋሽህም። ምላጭ መያዜን ያስታወስኩት አረፋው ውስጥ ቀይ ነገር ሳይ ነው።

ትንሽ ጭረት ናት። በአልኮል ጠረግኩላቸው። ጋሼ ንቅንቅ አላሉም፣ ቃልም አልተነፈሱም። ምላጩ ነው፣ መጥፎ እሽግ ነው የሸጡልን አልኩ። ዋሸሁ። እሳቸው ደህና ዋል ብለውኝ ወጡ። እኔ ጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ፣ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ።

ሰው ልገድል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ምላጭ ስይዝ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ተካልኝ ለሚስቴ ደውሎላታል፣ ወሬኛ። ሀዋ ከአልጋ አታወርደኝም። ትናንት ወደ ቤት ስመጣ መድኃኒት ቤት ገብቼ የተለካሁትን ግፊት ነገርኳት፤ ትንሽ ዝቅ ብሏል ነበር ያሉኝ። በቃ፣ ተፈረደ። ግፊቴ ወርዶ ነው የሚያዞረኝ። ጨው በውሃ በጥብጣ አመጣች። አብሽር ይሜ፣ ጭልጥ አድርጋት አለችኝ። ጭልጥ አደረግኳት።

አልጋው መርከብ ሆኗል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ እንዲህ ከሆነ ግን አይቼዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ቀስ ብሎ ወደ ተወለድኩበት ኮምቦልቻ ይወስደኛል፣ ስገልጥ አፍንጮ በር ወዳለው ቤቴ ይመልሰኛል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። ተካልኝ ሎሚ ለሁለት ሰንጥቆ ጨው ነስንሶበት አመጣ። ከሱቁ በላይ ፎቅ የሚኖሩት ሴትዮ ቆሎ በጨው ልከውልኛል። ቤት ቡናዬም በጨው ሆኗል፤ የሀዋ እናት ወግ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበር የምጠጣው። ጣፈጠኝ። መወደድ ደስ ይላል። ጆሮዬ ይጮሃል።

ጺም የሚላጭ ሲመጣ ወገቤን አሞኛል እያልኩ ወደ ተካልኝ እልካለሁ። ምላጬ መሳቢያ ውስጥ ናት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት

ወደቅኩ።

ከምኒልክ አደባባይ በእግሬ ቁልቁል እየመጣሁ ነበር። ባቡሩ አለፈ። ጆሮዬ ድፍን አለ፣ መንገዱ እንደ ምንጣፍ ተሳበ። እጄ በልማዱ የኬክ ቤቱን ግድግዳ ሊደገፍ ሄደ። ያ ግድግዳ ለዓመታት ስደገፈው የኖርኩት ነው። የለም፣ ፈርሷል! መፍረሱን አውቃለሁ፣ ሲፈርስም ቆሜ አይቻለሁ፤ እጄ ግን አላወቀም። አየሩን ተደግፌ በጎኔ ተዘረርኩ።

ሳሩ ላይ ተኝቼ ሰማዩ ሲዞር አያለሁ። ሰፊ ሰማይ ነው አሁን ፒያሳ ያለው። በዚያ መሐል የድሮዎቹ ቤቶች በሙሉ ተራ በተራ ሲያልፉ አየሁ፣ በረንዳቸው፣ የእንጨት ደረጃቸው፣ አንደኛው ሱቅ በር ላይ የምትቀመጠው ድመት ሳትቀር። አንዲት ሴት በጠዋቱ! ብላ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና አለፈችኝ። ሰክሬ መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም፣ ግን አመመኝ።

ሀዋ ማታ የጨው ውሃውን ሁለት ብርጭቆ አደረገችው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጋሼ ደበበ አልመጡም። እስከ ስድስት ሰዓት በሩን ሳይ ዋልኩ። ከእሳቸው ጋር ከተዋወቅን ጀምሮ በዝናብም በበዓልም ቀርተው አያውቁም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አልመጡም። ሌላ ቤት ሄደዋል ማለት ነው። ተገቢ ነው። እኔም ብሆን አልመጣም። እንዲህ እያልኩ አፅናናለሁ ራሴን፣ አልፅናናም። በሳምንቱ ውስጥ ሦስቴ አዞረኝ፣ አንዱ አራት ሰዓት ያህል ቆየ። የጆሮዬ ድምፅ አሁን ፌንጣ ሆኗል፤ አንድ ሙሉ የፌንጣ መስክ። ሰው ከግራዬ ሲያናግረኝ ከንፈሩን ነው የማየው።

ተካልኝ ዛሬ አልቀለደም። ይማም፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ካልሄድክ ሱቁን አልከፍትልህም አለ። በስሜ ሲጠራኝ ደነገጥኩ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ከሰዓት 11፡00

ብዙ አለኝ ደብተሬ፣ ቀስ ብዬ ልጻፍልህ። ይህን የምነግርህ ደግሞ አንተም ስለነበርክበት ነው።

ከሀዋ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን፤ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ዘጉብኝ፣ ግድግዳው ስፖንጅ ነው፣ ውጭው ሁሉ ጠፋ። ድምፅ ስትሰማ ቁልፍ ተጫን ተባልኩ። የትኛው የማሽኑ እንደሆነ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ ጨነቀኝ። ያለሁበትን ረሳሁ። የኮምቦልቻን ማሽላ አየሁ፣ አባቴን ከሩቅ አየሁት። ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት የክፍሉ በር ተከፈተና አበቃን አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። የግራው ጆሮህ ወፍራም ድምፅ አይሰማም አለች። ማዞሩ መቼ መቼ እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። አላስታወስኩም። ሀዋ ይጽፋል እኮ፣ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ነው አለች። አንተን ነው! አፈርኩ። ግን ሰጠሁ። ሐኪሟ እያነበበች በተካልኝ ኤፍ ኤም ሳቀች። ቀጥላ ገጹን መልሳ አነበበች። ቀይ ብዕር አነሳችና አሰመረችብህ። ጨው። ጨው። ቆሎ በጨው። ቡና በጨው። ሁለት ብርጭቆ።

ግፊቴን ራሷ ለካች፤ ደህና ነው። መድኃኒት ቤት የተለካሁት ሳስመልስ ውዬ ነው፣ ለዚያ ነው የወረደው አለች። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ውሃ አለ፣ የኔው ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ሲሞላ ድፍን ይላል፣ ይጮሃል፣ ያዞራል። ሜኒየር ይባላል። ጨው ደግሞ ውሃ ይይዛል። ስትቀልቡት የነበረው በሽታውን ነው አለች፣ ለስለስ አድርጋ ነው ያለችው። ሀዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በጄ ነው ያሳመምኩህ አለች። እኔ ደግሞ ጣፍጦኝ ነበር አልኳት፤ እንድትስቅ ብዬ ነው፣ አልሳቀችም።

የተሰጠኝ፦ ለማዞሩ ክኒን። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን። ጨው የለም ማለት ይቻላል። ቡና በቀን አንድ ሲኒ። ለድምፁ፣ ጸጥታ አለመፈለግ፤ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት። ይጠፋል አላለችም፣ ትለምደዋለህ ነው ያለችው። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ምላጭ ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ እስክፈቅድ አትይዝም አለች። ስንት ጊዜ ነው አልኳት። ወራት አለች።

ፀጉር አስተካካይ ያለ ምላጭ። ታክሲ ውስጥ ሳስበው መጣሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጨው አልባ ወጥ ምን እንደሚመስል ልንገርህ፦ የሰው ወሬ እየሰማህ የማይገባህ ዓይነት ነው። ሀዋ ለራሷ ለብቻ አትሠራም፣ ከኔው ድስት ትበላለች። ቅጣት ነው ስላት ተቆጣችኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ሎሚ ታበዛለች። ትናንት ምስሩን ስቀምስ አንድ ነገር ጣፈጠኝ፤ ምስሩ ራሱ ነው። ለካ ጣዕም ነበረው።

ማዞሩ አንዴ ብቻ መጣ፣ ሃያ ደቂቃ። ከመምጣቱ በፊት ጆሮዬ ድፍን ሲል አወቅኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን አንድ ምስማር ላይ ተከልኩ። አለፈ።


እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት

ጋደም ብያለሁ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እግሬ ላይ ናት። ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ያንሾካሹካል። ፌንጣዎቹ አሉ፣ ራቅ ብለዋል። አንዳንዴ አዳምጣቸዋለሁ፣ አንዳንዴ እረሳቸዋለሁ፣ ረስቼያቸው ነበር ስል ይመለሳሉ። ከእንቅልፍና ከንቃት መሐል አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ሁሉም ድምፅ አንድ ነው፣ የሀዋ ሰሃን፣ የባቡሩ፣ የኔው። ዛሬ እዚያ ሳለሁ አልፈራሁም። ደስ አለኝ።

ትናንትም ጋሼ አልመጡም። አምስተኛ ቅዳሜ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

አንድ ወር ከማዞር ነፃ ልሞላ ጥቂት ቀረኝ። አልሃምዱሊላህ። ሱቅ ባዶ ሲሆን መሳቢያውን ከፍቼ ምላጩን አየሁት። በክንዴ ላይ ሞከርኩት። እጄ እንደ ድሮው ነው፣ ቀጥ ያለ። ሐኪሟ ምን ታውቃለች፣ ምላጭ ይዛ አታውቅም አልኩ። ቀጥሎ አፈርኩ። ግን አልኩት፣ እጽፍልሃለሁ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4። ከሰዓት 8፡00

ጋሼ ደበበ መጡ።

መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ጺማቸው ደረታቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ነጭ፣ የተንጨባረረ። ተካልኝ አባ መነኩሴ፣ ይባርኩን ብሎ ተነሳ። ሳቁ፣ ቀጥ ብለው ወደኔ ወንበር መጡ፣ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስምንት ሳምንት ማንም አልነካቸውም ማለት ነው። ሌላ ቤት አልሄዱም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በዚያ ደስታ መሳቢያውን ከፈትኩ። ምላጩን በፎጣ ስር ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ጆሮዬ ክፍት ነው፣ እጄ ደህና ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእሳቸው ብቻ አልኩ። ግን የዚያን ቀኑ ውሸት አላስነካ አለኝ። ጋሼ፣ ያን ቀን ምላጩ አልነበረም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። አዙሮኝ ነበር።

ዓይናቸውን አልገለጡም። አውቃለሁ አሉ። ዓይኖችህን በመስታወቱ አየኋቸው፣ ወደ ጎን እየተወረወሩ ይመለሱ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥታ መስመር ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የዞረ ነገር አያመልጠኝም። ዝም ያልኩት ብደነግጥ ትደነግጣለህ ብዬ ነው። ለምን ቀሩ ታዲያ አልኳቸው። ድምፄ ተሰበረ፣ ተካልኝም ሰማው።

«ብመጣ ምላጭ ታነሳ ነበራ። እምቢ አትለኝም። ሐኪም ከለከለችው ብሎ ተካልኝ ሰሞኑን በስልክ ሲነግረኝ፣ በል አሁንስ ደህና ነው ብዬ መጣሁ።»

ምላጩ በእጄ ነበር፣ ደብተሬ። እሳቸው ይህን ሲሉኝ፣ ጉሮሯቸው ተገልጦ፣ በፎጣው ስር በእጄ ነበር።

ዞሬ ለተካልኝ ሰጠሁት። አየኝ፣ ገባው፣ አልቀለደም። መቀስ አነሳሁ። ረጅም ሰዓት ወሰደብኝ፣ በማበጠሪያ እያነሳሁ፣ ጥቂት ጥቂት። ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወሰንኩ፦ ሐኪሟ በቃልዋ እስክትፈቅድልኝ ምላጩ የተካልኝ ነው። ወገቤን ነው ማለትም ከዛሬ ቀርቷል። ጺም ሊላጭ ለሚቀመጥልኝ ሁሉ ጆሮዬን እንደሚያመኝ፣ እንደሚያዞረኝም እነግረዋለሁ፤ መቀስ የበቃው ይቆያል፣ መነሳት የፈለገ ይነሳል።