የተዋስኳቸው የለቅሶ ድስቶች

ለእህቴ ለእትዬ ዶሪካ፣ ከእህትሽ ከኤሊኔሲ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ በልተሽ፣ ጠጥተሽ፣ እግርሽን ዘርግተሽ ታግኝሽ። እንዴት ነሽልኝ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ከጆሃንስበርግ የመጡ ሰዎች የዘንድሮው ብርድ በባልዲ ያደረ ውሃ ያረጋል እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። የጋሼ ሌክሰን ሥራ እንዴት ነው? አለቃቸው አሁንም እንደዚያ ይጮኽባቸዋል? ልጆቹስ የኛን ቋንቋ ይናገራሉ ወይስ ጭራሽ ረሱት? እኛ ተመስገን ነው። እማዬን ሳሉ ለቋታል፤ አሁን የቀራት ሕመም የምላስ ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣን ትውላለች። በቆሎው ገብቷል፣ ስኳር ድንቹም እየተቆፈረ ነው። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ። ሆዴ ግን ደህና አይደለም፤ ቅናት ገብቶበታል። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ለትምህርት ቤቱ እልካለሁ ያልሽውን ትልቅ ድስት ለሾፌሩ ለዋይሰን እንዳትሰጪው። እሱ ከጁን ሃያ በፊት ተመልሶ እዚህ ይደርሳል፣ ድስቱም አብሮት ከደረሰ ጉድ ይሆንብኛል። ሰው ላኪልኝ ይላል እንጂ እንዴት አትላኪልኝ ይላል ትዪ ይሆናል። ስሚና ፍረጂ።

እንደምታውቂው የምፔሳ ትምህርት ቤት ልጆች ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት አጥሚት ይጠጣሉ። ዱቄቱ በመኪና ይመጣል፣ እንጨቱን እናቶች በተራ ይሸከማሉ፣ አማስዬ የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ስምንት ዓመቴ። ያሉኝ ሦስት ድስቶች ናቸው። አንደኛው ጆሮው ተሰብሯል፣ ሁለተኛው ለሃምሳ ልጅ እንኳ አይበቃም፣ ትልቁ ደግሞ ቂጡ ተበስቷል። ከራታችን ከተረፈው የንሲማ ገንፎ ቆርሼ በየማለዳው ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ። እሳት ሲነካው ይደርቅና ይይዛል። አንዳንድ ቀን ግን መሃል ላይ ይለቅና አጥሚቱ ፈስሶ እሳቴን ያጠፋብኛል፤ ያን ቀን አንደኛ ክፍሎች ምንም ሳይቀምሱ ነው የሚማሩት።

ባለፈው ኦክቶበር መንግሥት የትምህርት ቤት ወጥ ቤቶችን ዕቃ ለማደስ ድጋፍ ሊሰጥ ነው ተባለ። ትልልቅ የብረት ድስት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ ምን የማይሰጥ አለ። ለጊዜው ግን በየአካባቢው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ከወረዳ አንዲት ባለሙያ መጥታ ወጥ ቤቱን አይታ፣ የጎደለውን ጽፋ ትሄዳለች። ርዕሰ መምህራችን አቶ ቺምዋላ ይህን ሁሉ ዘርዝረው ነገሩኝ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔ የሰማሁት እንግዳ ሊመጣ ነው የሚለውን ብቻ ነው።

እንዴት እንዳደግን አንቺ ታውቂያለሽ። እማዬ እንግዳ ሲመጣ የተሸረፈውን ሳህን አልጋ ሥር ትደብቅ ነበር። እኔ ታዲያ ገመናዬን ለመንግሥት እንግዳ ላሳይ? ሁለት ቀን ሙሉ ወለሉን በጭቃ ለቀለቅሁ፣ ጉልቻዎቹን አመድ በጥብጬ ቀባኋቸው። ሦስቱን ድስቶቼን ከቢሮው ጀርባ በሙዝ ቅጠል ሸፈንኳቸው። ከዚያ ሹማችን ቤት ሄጄ የለቅሶ ድስቶቹን ተዋስኩ፤ እነዚያን እኛና ወንዝ ማዶ ያሉት የቺዱቲ ሰዎች አዋጥተን የገዛናቸውን፣ ሰው ሲሞት ብቻ የሚወጡትን አምስቱን። ከሴቶቹ ጋር በራሳችን ላይ ተሸክመናቸው መንገድ ስንወጣ ያየን ሁሉ ቆመ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እማማ ኤስናቲ ከደጃቸው ብቅ ብለው ማነው የሞተው ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው አልኳቸው። ቢሆንም ወሬው ቀድሞን ኖሮ፣ በማግስቱ ሁለት ሴቶች ዱቄት በራሳቸው ተሸክመው እያለቀሱ ትምህርት ቤት ደረሱ። አባብለን ከነዱቄታቸው መለስናቸው።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ክፉ አይወጣትም። ድስቶቹን ስታይ ፊቷ በራ። በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ፣ እናቴ፣ እነዚህ የናንተው ናቸው ወይ አለችኝ። አዎ የኛ ናቸው አልኳት። ውሸትም አይደለም፤ የኛ ናቸው፣ ሬሳ ካለ። እንዲህ ያለ ወጥ ቤት በወረዳው አላየሁም ብላ ቅጹ ላይ "ዕቃ የተሟላ" ብላ ጻፈች፣ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ፣ ያውም አሳምሬ። ያን ቀን እንደ ሙሽራ ስንጎራደድ ዋልኩ።

ጃንዋሪ ላይ ድስቱም ምድጃውም ታንከሩም በመኪና ተጭኖ መጣና በኛ በር አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ቺዱቲ ገባ። የቺዱቲ ምግብ አብሳይ ማን እንደሆነች አልነግርሽም ነበር፣ ግን ምን ይደረግ፣ ፋሌሲ ናት። ያቺ ልጅ ሳለን በጭፈራ ሁልጊዜ ከፊት የምትቆመው፣ እኔ ከኋላዋ አቧራዋን የምበላው ፋሌሲ።

እትዬ፣ ላንቺ አልደብቅም፣ አንጀቴ አረረ። በየማለዳው ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ቀና እላለሁ፤ ማዶ የሷ ጭስ በቧንቧው ቀጥ ብሎ ሲወጣ አያለሁ። ክዳን ስትከድን ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል፣ እኔ እንድሰማ አውቃ ነው የምታጋጨው እላለሁ። ስሟ የተጻፈበት ሽርጥ ሰጥተዋታል፤ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ልትመጣ ምንም አልቀራትም። ዓይኗ ጠርቷል፣ እጇ ለስልሷል፣ አምስት ዓመት ወደኋላ ተመልሳለች። ገበያ ላይ ሰው ስለ ምድጃዋ ሲያወራ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብዬ እተርትና መንገዴን እቀጥላለሁ። ድስቷ ቢበሳ ብዬ የተመኘሁበት ቀንም አለ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለነገሩ እንዲያ ያለ ብረት አይበሳም፣ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ይባስ ብሎ ልጆች ወደ ማዶ መሻገር ጀመሩ። ቺዱቲ አጥሚቱ ደወል ሳይደወል ይደርሳል፣ ጭስ ጭስም አይልም ተባለ። ከፋሲካ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ዝውውር ጠይቀዋል። ሃያኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የኔዋ ቲያሚኬ። ኩባያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ እማ፣ እኔም እነ ፋሌሲ ጋ ልማር አለችኝ። ልመታት እጄን አነሳሁ፣ ከዚያ መለስኩት። ምን አጠፋች? አንደኛ ክፍል ናት፤ እሳቴ በጠፋ ቁጥር ሳትጠጣ የምትገባው እሷ ናት። ልጆቹ እንዲህ እያለቁ ከሄዱ ደግሞ ዱቄቱም ይቀርብናል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው፤ የፋሌሲን ክዳን ስቆጥር የገዛ ልጄን ኩባያ ሳላይ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ቺምዋላ ጠሩኝና ድጋፉ ዳግም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰጥ ነው፣ ባለሙያዋም ጁን ሃያ፣ ሐሙስ ቀን ትመጣለች አሉኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት ቅጹን አውጥተው አሳዩኝ። "ዕቃ የተሟላ" ይላል፣ ከሥሩ ያ ያማረ ፊርማዬ አለ። ይህ ካልተሰረዘ በራችን ላይም አትቆምም አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ያን ጊዜ አየሁት፤ እኔም ሞኟ፣ ወረቀቱም እዚያው። እንዲሰረዝ ከተፈለገ ድስቶቹ የውሰት እንደነበሩ የአካባቢው የምገባ ኮሚቴ ሰብሳቢ በፊርማዋ መመስከር አለባት። ሰብሳቢዋ ማን መሰለችሽ? ምድጃው ከመጣላት ወዲህ የማትሰበስበው ነገር የለም።

ሦስት ቀን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም አልኩ። በአራተኛው ቀን ንሲማው ለቀቀና እሳቴ ጠፋ፣ ቲያሚኬም ባዶ ኩባያዋን ይዛ ክፍል ገባች። ሽርጥ ሳልቀይር ወንዙን ተሻገርኩ። ፋሌሲ ድስት እያጠበች አገኘኋት። ሰላምታውን በግድ አወጣሁት። ከዚያ ድስቶቹ የለቅሶ ነበሩ፣ ዋሽቻለሁ፣ መስክሪልኝ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ማጠቧን አቁማ ትክ ብላ አየችኝና አውቃለሁ አለችኝ።

ከየት አወቅሽ ብላት፣ እኔም እኮ ሹሙ ቤት ሄጄ ነበር አለችኝ። ልዋሳቸው። ጎህ ሲቀድ ደረስኩ፣ ኤሊኔሲ ትናንት ወሰደቻቸው አሉኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ አለችኝ። አንቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ትቀድሚኛለሽ፤ እስከ ቤቴ ድረስ ስረግምሽ ነው የሄድኩት። ያቺ የወረዳ ልጅ በድስቴ ቀዳዳ ጣቷን አሳልፋ ስታየኝ ፊቴን ባገለደምኩት ቺቴንጄ ሸፈንኩ። ኤሊኔሲ በእንግዳ ፊት አምሮባት ዋለች፣ እኔ ተዋረድኩ እያልኩ እስከ ጃንዋሪ ድረስ በቅናት ስቃጠል ነበር አለችኝ።

እንግዲህ አስቢው እትዬ። አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ ድስቶቹን ፋሌሲ ትወስዳቸው ነበር፣ ጭስ ማውጫው የኔ ይሆን ነበር። ምድጃዋን በገዛ እጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ጨነቀኝ፤ ሁለቱንም ሳደርግ እሷም አገዘችኝ። ከዚያ ፈረመች። የእማማ ኤስናቲ ነገር ማዶም ደርሶ ኖሮ፣ ማነው የሞተው ሲሉሽ የኛ ምድጃ ነው ማለት ነበረብሽ ብላ አሾፈችብኝ። ልወጣ ስል አጥሚት በኩባያ ቀዳችልኝ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብሎ የተረተው ሰው የፋሌሲን አጥሚት አልቀመሰም። ጭስ የሚባል የለበትም፣ ወተት ወተት ይላል። እየጠጣሁ እንደገና ቀናሁ።

ድስትሽን አትላኪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ባለሙያዋ አዲስ ድስት ተጥዶ ካየች ያንኑ ቃል ትጽፍብኛለች። ከሐሙስ በኋላ ግን ላኪው፣ ቢያንስ እማዬ የምትቆጣበት አዲስ ነገር ታገኛለች። አቶ ቺምዋላ ወለሉን እንዳልነካው ከልክለውኛል። ፋሌሲ ቀዳዳውን እንዳልደፍነው አስምላኛለች። እኔ ግን ራሴን አላምነውም። ትናንት ሳላስበው አመድና አሸዋ ይዤ ትልቁን ድስት ልፈገፍግ ተቀምጬ ተገኘሁ፤ እማ፣ እሱ እኮ ለእንግዳዋ ነው ብላ እጄን የያዘችኝ ቲያሚኬ ናት።

ለጋሼ ሌክሰን ከእግራቸው ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ። የጎረቤትሽን የዚምባብዌዋን ሴትዮ ስለ መድኃኒቱ እማዬ መርቃታለች በያት። እማዬ ራሷ፣ ሰላም በይልኝ፣ ደግሞም ወፍራም ካልሲ አድርጊ ብላለች። ቲያሚኬ ከታች የሳለችው ምድጃ ነው፣ ቤት እንዳይመስልሽ። የፋሌሲን ወንድም ማይክሰንን ካገኘሽው ሰላም በይልኝ፤ ስለ ምድጃዋ ግን አንቺ አታንሺበት፣ እሷ ሳትጽፍለት አትቀርም።

አንቺም ሐሙስ ጠዋት በጸሎትሽ አስቢኝ፤ እንግዳ ፊት የቆሸሸ ድስቴን ይዤ እንድቆም።

እህትሽ ኤሊኔሲ
ምፔሳ መንደር፣ ባላካ
ጁን 10 ቀን 2019