ወረፋ ላይ እያሉ ያረፉት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የስድስት ልጆች ታላቅ ስለነበሩ ለዳቦም ለጋዝም ወረፋ የሚላኩት እርሳቸው ነበሩ። ቆሞ ማንበብን የለመዱት ያኔ ነው። በትምህርታቸው ጎበዝ ሆነው በሒሳብ ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በሃያ አራት ዓመታቸውም በከተማችን ትልቁ ሆስፒታል ተቀጠሩ።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ሜይንፍሬም ኮምፒውተር ነበር። ሥራው ደመወዝ ማስላት ብቻ ነበር። አባታችን ለስልጠና ተልከው ሲመለሱ ግን ሲሙላ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይዘው መጡ። ሲሙላ በሽተኛን ቁጥር አያደርገውም ይሉ ነበር፤ እያንዳንዱ በሽተኛ ራሱን ችሎ ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ይጠብቃል፣ ይታከማል፣ ይሄዳል። የሆስፒታሉን የመግቢያ ወረፋ እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ሊያቆሙት ተነሡ።

ፕሮግራሙ ወደ ማሽኑ የሚገባው በተበሳ የወረቀት ካርድ ነበርና፣ ካርድ የምትበሳውን ሠራተኛ፣ እናታችንን፣ እዚያው አገኟት። «ያንተ በሽተኞች ጣቶቼን ጨረሷቸው!» ትላቸው ነበር። ተጋብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

አባታችን መጀመሪያ አንድ ስሕተት ሠርተው ነበር። ሲጠብቅ የሞተ በሽተኛ ከወረፋው መውጣት እንዳለበት ለማሽኑ መንገር ረሱ። በማሽኑ ውስጥ ያለው የመመዝገቢያ መስኮት ሙታንን ሲጠራ ዋለ፤ ሕያዋኑ ከኋላ ተገትረው ቀሩ። እናታችንን ጠርተው አሳዩአት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አባታችን በማግሥቱ አረሙት።

የታረመው ፕሮግራም ያወጣው ውጤት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ድንገተኛ በሽተኛውም ባለ ቀጠሮውም በአንድ የበሽተኛ ካርድ ማውጫ መስኮት እስከተመዘገቡ ድረስ፣ ሰው ሐኪም ሳያየው እዚያው መስኮት ፊት ይሞታል። መፍትሔው ሁለተኛ መስኮት መክፈት ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጸሐፊ!

የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ወረቀቱን አይተው፣ «ሰው እኛ ደጅ ላይ ይሞታል ብዬ ለበላይ ልላክልህ? የሚሞቱትን አውጣቸውና አምጣው» አሉ። አባታችንም፣ «እኔ ከፕሮግራሙ ባወጣቸው ከደጅዎ አይወጡልዎትም» ብለው መለሱ። በሳምንቱ ወደ አንሶላና ብርድ ልብስ መጋዘን ተዛወሩ። በሲሙላ ያስቡ የነበሩ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንሶላ ሲያጥፉ ኖሩ። ይህን የምንጽፈው በንዴት ነው፤ ለማለስለስም አልፈለግንም።

አዲስ ዳይሬክተር በተሾመ ቁጥር ያንኑ ወረቀት ይዘው ይገቡ ነበር። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ባልደረቦቻቸው «አቶ ወረፋ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እርሳቸውም፣ «ከአቶ አንሶላ ይሻላል» እያሉ አብረው ይስቁ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ግን አንድም ቀን አልሳቅንበትም። ሜይንፍሬሙ ተፈትቶ ለብረት ሰብሳቢ ተሸጠ። መስኮቱ መስታወት ገባለት፣ ፕላስቲክ ወንበር ተደረደረለት፣ ቁጥር የሚጠራ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለለት። መስኮቱ ግን ዛሬም አንድ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አባታችን ደረታቸውን አመማቸው። ሴት ልጃቸው ደግፋ ወሰደቻቸው። ዘበኛው ስልሳ አራት ቁጥርን ሰጥቷቸው፣ «አባባ፣ ተራዎትን ይጠብቁ» አላቸው። ልጃቸው ጮኸች፣ ለመነች፣ መስታወቱን ደበደበች። «ሁሉም ታሞ ነው የመጣው፣ እህቴ» አላት ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ። አባታችን እጅጌዋን ይዘው፣ «ተይው፣ ልጁ ምን ያድርግ? አንድ መስኮት ነው ያለው» አሏት። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው። በተቀመጡበት ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሐኪም ሳያያቸው፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ሆስፒታሉ «ለረጅም ዘመን ባልደረባችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጉንጉኑን አልተቀበልንም፤ ላኪዎቹ ከመስኮቱ ሥር ያስቀምጡት፣ ነገም እዚያው ያስፈልጋቸዋል።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያን ማክሰኞ ልጃቸው ፊታቸውን በነጠላዋ ሸፍና አጠገባቸው እንደተቀመጠች፣ ድምፅ ማጉያው «ስልሳ አራት» ብሎ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ማንም አልተነሣም፤ ከኋላ ያሉት ሕሙማንም ተገትረው ቆዩ። አባታችን በማግሥቱ ያረሙትን ስሕተት ሆስፒታሉ ይኸው እስከ ዛሬ አላረመውም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።