የጁማን የሒሳብ ፕሮግራም ማን ዘጋው?

ለክብርት ማዳም ሸሪፋ
ሱራ፣ ኩዌት
መጋቢት 2013 ዓ.ም.

ክብርት ሆይ፣ አላህ ከቫይረሱም፣ ከሰዓት እላፊውም፣ ከልጅዎ ከጁማ ቁጣም ይጠብቅዎ፤ ጤናዎ እንደ ሳሎንዎ መስታወት እንከን አይኑርበት። መስታወቱን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ እንከን እንደሌለበት እመሰክራለሁ።

እኔ አራት ዓመት ያገለገልኩዎ፣ እሑድ ወደ መክተብ፣ ወደ ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ፣ እንድመለስ የፈረዱብኝ ሐሲና ነኝ። ስልኬ እርስዎ ዘንድ ስለታሰረ ይህን በወረቀት ጽፌ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ሩሀማ ፎቶ አንስታ በእኛ በሠራተኛ እህቶች የስልክ ግሩፕ ለጥፋልኛለች። ጽሑፉ የገዛ እጄ ነው፤ በስልክ የምከታተለውን የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ፤ ሁለተኛዋ በጣም ሩቅ ናት።

1ኛ. የልጅዎ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ የጁማን የሒሳብ ፕሮግራም በየጠዋቱ የምከፍተው እኔ ነኝ። የመክፈቻ ሥዕሉን አሳይቶ ይቆያል፣ ደግሞ ይቆያል፤ ሁለት ቀስት ደርድሮ «እሺ፣ ቁጥር አምጡ» እስኪል የጠበስኩት እንቁላል ይቀዘቅዛል። የወደፊቱ ኢንጂነር ጁማ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ድካማቸውን አከብራለሁ።

2ኛ. ማክሰኞ ከሰዓት ጁማ ከጓደኞቹ ዘንድ ሆኖ በድምፅ መልእክት «ማንበብ ቻልኩ እያልሽ ትፎክሪ የለ? እስቲ ኮምፒውተሬ ላይ ኤክዚት ብለሽ ጻፊና ኢንተር በይው፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለኝ። አራቱን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድም ሳልስት ጻፍኩ። ሲከፈት ያን ያህል የሚንዛዛው ፕሮግራም «የተሰላውን ላስቀምጥ ወይስ ልጣል?» ብሎ እንኳ ሳይጠይቀኝ ጥርግ ብሎ ወጣ። ቢጠይቀኝ «አስቀምጥ» እለው ነበር፤ ይህንንም መጻፍ እችላለሁ።

3ኛ. ከጠዋት ጀምሮ ሲሰላ የዋለው የፈተና ሥራ፣ ባለቤቱ ስላላስቀመጠው፣ አብሮ ጠፋ። ማታ ጁማ «ሠራተኛዋ ነካክታ አበላሸችው» አለ። እርስዎም አንዲት ቃል ሳይጠይቁኝ ስልኬን ወስደው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። የጁማ መልእክት ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ተከሳሿ ላይ ፈርደው ምስክሯን በአንድ ምሽት ለቆለፉበት ቅልጥፍና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መክተብ ሃያ ሴቶች በአንድ ክፍል እያሳላቸው ቀጣሪ የሚጠብቁበት ቦታ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔን ያመጡኝ ከዚያው ነው። ከዚያ ወዴት እንደምጣል አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው ሻንጣዬን ጠረጴዛ አድርጌ ነው፤ የፊደሉ መዛነፍ ከዚያ እንጂ ከትምህርት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ከእሑድ በፊት መሳቢያውን ከፍተው፣ ጁማን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ያችን አሥራ አንድ ሰከንድ እንዲያዳምጡ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ሳይጠይቁ በመፍረድ ችሎታዎ እየተደነቀች፣ ሻንጣዋን ግማሽ ድረስ ያሰናዳች፣
ታዛዥዎ ሐሲና

ማሳሰቢያ፦ መልእክቱ ከስልኬ ድንገት ቢጠፋ አይጨነቁ። ማክሰኞ ዕለት «የኢንጂነር ኮምፒውተር የምዘጋው እኔ ነኝ» ብዬ ልኮራባት ለጓደኛዬ ለመርየም ልኬላት ነበር። መርየም የምትሠራው ቁርጡባ ሰፈር፣ እህትዎ ቤት ነው፤ አረብኛዋም ጥሩ ነው። ደብዳቤውን ዛሬ ከምሳ በኋላ በአረብኛ እየተረጎመች ለእህትዎ ታነብላቸዋለች፤ የጁማን ድምፅ ደግሞ እህትዎ አስቀድመው ሰምተዋል።