የጡብ ግልበጣ ሕግ

ጥቅምት 6

የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። እሱን ጠዋት አጥቤ፣ ሾርባውን አጠጥቼ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ እንደተንጠለጠለ ነው። ከአፉም አንድ ቃል አልወጣም። ጎበዝ አናጢ ነበር ባሌ። ነበር አልኩ? ነው።

ከሰዓት በኋላ በግራ እጁ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ይቀስር ጀመር። ውሃ? አይደለም። ሬዲዮ? አይደለም። ኮፍያህን? ተናደደ። ወንበር ላይ ወጥቼ እዚያ ያለውን ኮተት በሙሉ አወረድኩ። ለካ የፈለገው ያንን የእንጨት ሰሌዳ ኖሯል... ከጓደኛው ከሰዓት ሠሪው ጋር ይጫወቱበት የነበረውን። ጨዋታውን ራሳቸው ፈጥረው፣ ሰሌዳውንም ራሳቸው ሠርተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁበት ኖሩ። ሰዓት ሠሪው ዐረፈ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ “እንዴት ነው የምትጫወቱት?” ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሻይ አቅርቤ መሄድ ብቻ። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ጥቅምት 7

ከሰሌዳው ጋር ያሉት መጫወቻ እንጨቶች አምስት ነጭ፣ አምስት ጥቁር ናቸው። ስማቸውን ስለማላውቅ ጡብ ብያቸዋለሁ። ቁመታቸው የወርዳቸው እጥፍ ነው። ሲቆሙ አንድ ቤት ይይዛሉ፣ ሲተኙ ሁለት።

አንዱን ነጭ አንስቼ ወደፊት አስቀመጥኩ። እጄን ቸብ አደረገኝ። እሺ፣ ገፋ አደረግሁት። ደግሞ ቸብ። “ምን ላድርግህ ታዲያ?” አልኩት። ያኔ በአንድ ጣቱ የጡቡን አናት ነካ አደረገው። ጡቡ ወደፊት ወደቀና ተኛ። ጫፉን ይዞ እንደገና ገለበጠው፤ ቆመ። አሃ... አይነሳም፣ አይገፋም። ይገለበጣል ብቻ።

እንደገባኝ ሲያይ ሳቀ። በግማሽ ፊቱ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። ከታመመ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ጥቅምት 15

ሕጉን ለቅሜ የጨረስኩ መሰለኝ። ቸብ ካላለኝ ትክክል ነው ማለት ነው። እንዳልረሳው ልጻፈው።

በየተራችን አንድ ጡብ፣ አንድ ጊዜ እንገለብጣለን። የቆመው ይተኛል። የተኛው ወይ በጫፉ በኩል ተነስቶ ይቆማል፣ ወይ በጎኑ ተንከባሎ እንደተኛ ይቀራል። ሌላ ጡብ የያዘው ቤት ላይ መውደቅ የለም። በአራቱም በኩል መገልበጫ ያጣ ጡብ ታስሯል፤ ከሰሌዳው ይወጣል። በየጫፋችን መሃል ላይ ቀይ የተቀባ ቤት አለን፤ በር ነው። በሌላው ሰው በር ላይ ጡቡን ያቆመ አሸነፈ። ማቆም ነው ታዲያ። ተኝቶ ቢደርስ አይቆጠርለትም።

እኔ ሁልጊዜ ተኝቼ ነው የምደርሰው።

ጥቅምት 16

ዛሬም ተሸነፍኩ። በአንድ እጁ፣ ያለ አንዳች ርኅራኄ።

ጥቅምት 23

እትዬ መጡ። ታላቅ እህቱ ናቸው፤ ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደጉትም እሳቸው። ገና ሳይቀመጡ የመጡበትን ነገር ዘረገፉት።

“ልቡ ካለ ካንቺ ጋ ይሁን፣ ባልሽ ነው። ልቡ ከሌለ ግን ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ይፈልጋል። አንቺ የስፌት መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ ነው የምትውይው። እኔ ቤት ሰው አለ፣ ክፍልም አለ። እወስደዋለሁ።”

ምን ልበላቸው? እሱ ይሰማል እኮ። መስኮት መስኮቱን ያያል... ጆሮው ግን እኛው ጋ ነው። ሰሌዳውን አመጣሁና በመካከላቸው ዘረጋሁት። ሕጉን ነገርኳቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ቀጣቸው። ደግሞ ገቡ። ሁለት ጡባቸውን አስሮ አወጣባቸውና በራቸው ላይ ቆመ።

“ይሄ ሌባ፣ ድሮም እንዲህ ነበር” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ስሸኛቸው ደረጃው ላይ ቆም አሉ። “አለ። ልቡ አለ። እንግዲህ ካንቺው ጋ ይሁን። ግን የተለወጠ ነገር ካየሽ እንዳትደብቂኝ።”

“እሺ እትዬ” አልኩ። ሽቅብ ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም።

ኅዳር 2

መታጠቢያ ቤት ወደቀ። “ቆይ መጣሁ” ብዬው ዚፕ እየሰፋሁ ነበር። ብቻውን ተነሳ መሰለኝ... ጓ የሚል ነገር ሰማሁ። ጭንቅላቱ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቷል። ትንሽ እብጠት ናት፣ ደም የለውም። ቢሆንም ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የጭንቅላት ፎቶ አነሱት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። “አሁን ምንም የለውም” አለችኝ። “እኔን የሚያሰጋኝ ደም የሚያቀጥነው መድኃኒቱ ነው። ሳምንታት ቆይቶም ቢሆን ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀምበት ይችላል። እንቅልፍ ካበዛ፣ ግራ ከተጋባ፣ የሚያውቀው ነገር ከጠፋበት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያድሩ ያምጡልኝ።”

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ከዳነ ምን አስደነግጣቸዋለሁ?

ኅዳር 12

ደህና ነው። ሾርባውን ጨረሰ፣ አሸነፈኝ፣ ተኛ።

ኅዳር 20

ዛሬ ጡቡን ገፋው።

አልገለበጠውም። በጣቱ ገፍቶ ሁለት ቤት አሳለፈው። ቀና ብዬ አየሁት። ሰሌዳውን ያያል፣ ምንም የለበትም። የሚቀልድብኝ መስሎኝ እኔም በተራዬ እጁን ቸብ አደረግሁት። ያመመው ሰው ይመስል እጁን ሰበሰበ። ጡቡን መለስኩለት። ደግሞ ገፋው።

ደክሞት ይሆናል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ነበር ያደረው።

ኅዳር 22

ጥቁሩን ጡብ በገዛ በሩ ላይ አቆመና እንዳሸነፈ ሰው ቀና ብሎ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል። “አሸነፍክ” አልኩት።

ለምን አልኩ?

ምሳ ሳይበላ ተኛ። ቀስቅሼው ሁለት ጉርሻ ቀመሰና ተመልሶ ተኛ።

ኅዳር 24

እትዬ ደወሉ፤ ነገ ይመጣሉ።

ከተቆረጠው ጨርቅ አንድ እንኳ አልሰፋሁም። ክሩን መርፌ ውስጥ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። በመጨረሻ ሰሌዳው ፊት ተቀምጬ አዲስ ሕግ አወጣሁ። መግፋት ይቻላል። የራስ በርም በር ነው። ተራ መጠበቅም ግዴታ አይደለም... እንደዚህ ከሆነ አንድም ስህተት አልሠራም። እንደዚህ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ምን እያደረግሁ ነው?

ኅዳር 25

እትዬ ዛሬ አልተጫወቱም፤ ሲያዩን ነበር። እሱ ይገፋል። እኔም እገፋለሁ። እሱ ይገፋል።

“መግፋት አይቻልም አላልሽኝም ነበር?” አሉ።

“ሕጉን ቀየርነው እትዬ። ያኛው ሰለቸን።”

“እሱ ነው የቀየረው?”

“አዎ፣ እሱ ነው።”

እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጡቡ ከእጁ ወደቀ። “በቀን ይተኛል እንዴ?” አሉ። ብርዱ ነው አልኳቸው። ሻይ አቀረብኩ። ብስኩታቸውን ሳይነኩት ሄዱ።

የሐኪሟ ነገር ጆሮዬ ላይ ነው። ሰኞ እወስደዋለሁ። ብወስደው ግን ምን ይሉኛል? “አእምሮው እየሄደ ነው” ይሉኛል። እትዬ ይሰማሉ። ከዚያ ሻንጣውን አዘጋጂ... ሰኞ።

ኅዳር 28

ሰኞ መጣ። የዩኒፎርም ርክክብ አለብኝ አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ፣ የጠየቀኝ ሰው የለም። ርክክቡ አይደለም ያስቀረኝ። ፈርቼ ነው።

ታኅሣሥ 1

አልነቃም። ጠራሁት፣ ጉንጩን መታ መታ አደረግሁት፣ ውሃ ረጨሁበት። ያንኮራፋል፣ ግን እንቅልፍ አይደለም። አንደኛውን ዓይኑን ገልጬ ሳየው ብሌኑ ሰፍቷል። ጎረቤታችን ባለ ታክሲው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አወረደው። እንዴት እንደደረስን አላስታውስም።

ለእትዬ ደወልኩ። “ይምጡ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ታኅሣሥ 2

ጭንቅላቱን በስተው ደሙን አወጡለት። ሐኪሟ አግዳሚው ወንበር ድረስ መጣች። እትዬ አጠገቤ ናቸው።

“ለውጥ ያዩበት መቼ ነው?”

ትላንት ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“ኅዳር ሃያ” አልኩ። “ጨዋታው ጠፋበት። የሚያውቀው ጨዋታ ነበር።”

ሐኪሟ ጻፈች። እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ።

“ሕጉን ቀየርነው አልሽኝ።”

“አዎ።”

“እሱ ነው የቀየረው አልሽኝ።”

“አዎ እትዬ። እኔ ነኝ። እንዳይወስዱብኝ ብዬ።”

ተነስተው ሄዱና ሌላኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ በመካከላችን ባዶ ወንበር ብቻ። ማታ አንድ ኩባያ ሻይ ይዘው መጡና እጄ ውስጥ አስቀመጡት። “ሌላ ቀን እሰድብሻለሁ” አሉ። “ዛሬ አቅም የለኝም።”

ታኅሣሥ 9

ዓይኑን ገለጠ። ያያል፣ ግን ምን እንደሚያይ አላወቅንም። ሐኪሟ “ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ...” ብላ ተወችው። ጨርሺው አላልኳትም።

ታኅሣሥ 21

ወደ ቤት መለስነው። እትዬ ሻንጣ ይዘው መጡ፤ ሊወስዱት መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ። የእሳቸው ሻንጣ ኖሯል።

“ልወስደው አይደለም የመጣሁት። ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ፣ አንሺልኝ እንጂ።”

ስድቡን ዛሬ አወጡት። አንሶላ እያጠፍን ነበር፣ እሳቸው በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው። ራስ ወዳድ አሉኝ። ወንድሜን እንደ ዕቃ ደበቅሽኝ አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። አንሶላው ባለቀ ጊዜ የተጣጠፈውን ሁሉ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። እኔም ያዝኩላቸው። አሁንም ተናገሩ... እኔም ሰማሁ።

ከሰዓት አንድ ጥቁር ጡብ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ወደ አፉ ወሰደው። እትዬ ቀስ ብለው ከጥርሱ መሃል አወጡትና “በይ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መልሺው” አሉኝ።

ጥር 8

ጠዋት አብረን አጠብነው። አሁን ለምደነዋል፤ እትዬ ይደግፉታል፣ እኔ አጥባለሁ። ስለ አየሩ ብቻ ነው የምናወራው። ውሃው ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር መሰለኝ፣ ትከሻውን ሰበሰበ።

“እማዬ” አለ።

ድምፁ። ይህን ያህል ጊዜ የጠበቅኩት ድምፁ... ሻካራ ነው፣ ግን የራሱ ነው። ደነገጥኩና ስፖንጁ ከእጄ ወደቀ። ወደ እትዬ ዞሮ እንደሆን አየሁ። አይደለም። እኔን ነው የሚያየው። ዓይን ዓይኔን።

“እማዬ፣ በረደኝ።”

እትዬ ፎጣውን እንደያዙ ቀሩ። እናታቸውን ያውቃሉ፤ እኔ አላውቃቸውም፣ በፎቶ ብቻ። ወደ እሳቸው አየሁ፣ ምን ልበለው በሚል ዓይን።

“መልሺለት እንጂ” አሉኝ።

ፎጣውን ከእጃቸው ወስጄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት።

“ወዬ ልጄ” አልኩት።